መልሱ እየታወቀ የሚጠየቅ ጥያቄ

ለዚህ ሳምንት የቀጠርኩላችሁ ጉዳይ ቅናት ነበር። ይቆየን፤ ቅናት እንደሆነ የትም አይሄድም። ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ ግን ከእጄ አልወጣ አለኝና ዛሬ እሱን ይዤ ቀርቤያለሁ።

ጸሐፊዋ የ26 ዓመት ወጣት ናት። የዚሁ የአዲስ አበባ ልጅ። ስሟንም ሰፈሯንም አልጠቅስም፤ እሷም አደራ ብላለች። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ለአራት ዓመት የወደደችው ልጅ ከአሥራ አራት ወር በፊት በመኪና አደጋ ሞተ። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ነበር። እስከዚያ ድረስ ግን ከሁለት ጓደኞቻቸው በቀር ፍቅራቸውን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ በእሷም ቤት፣ በእሱም ቤት። ለቅሶ ስትሄድ ከመሥሪያ ቤቱ ልጆች ጋር ተደባልቃ ድንኳኑ ጥግ ተቀመጠች። በሠልስቱ ዕለት እናቱ እጇን ይዘው «አንቺስ ልጄ፣ ከየት ነው የምትተዋወቁት?» አሏት። «አብረን ነበር የምንሠራው» ብላ መለሰች። ንፍሮውን ቀምሳ ወጣች። በቃ!

ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን ትሠራለች፣ ትሥቃለች። ሌሊት ግን ሌላ ሰው ናት። ቤተሰቡ ሲተኛ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ታደርግና የልጁን የመጨረሻ የድምፅ መልእክት ትከፍታለች። አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። «ደርሻለሁ፣ አታስቢ፣ ተኚ» ይላል። ደግማ ትከፍተዋለች። ከዚያ «የት ነህ?» ብላ ትጽፍለታለች። መልእክቱ መሄዱን የምታሳየው አንዷ ምልክት ብቅ ትላለች። መድረሱን የምታሳየው ሁለተኛዋ ግን አትመጣም። እሷን ስትጠብቅ ይነጋል።

ዩኒቨርሲቲ የተማረችው የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነው። ያኔ ለፈተና ብላ ያነበበችው የአሜሪካዊው የኤድጋር አላን ፖ «ቁራው» የተባለ ግጥም ትዝ ብሏት እንደገና አወጣችው። አሁን ከትራሷ ሥር አይጠፋም። «ይኼ ሰውዬ ብቻ ነው የገባኝ» ትላለች። «ጓደኞቼ ርሺው ይሉኛል። አንድ ጥሩ ሰው ደግሞ ላግባሽ እያለኝ ነው። እነዚህ ገጣሚዎች ግን የሞቱባቸውን እስከ መጨረሻው ታምነው የኖሩ አይደሉም? እኔ ሌላ ባገባ ክህደት አይሆንም ወይ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ወደ ምክሩ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ልበልሽ። አንቺ ገጣሚዎቹን ምስክር አድርገሽ ጠርተሻል። ምስክር ከቀረበ ደግሞ መስቀለኛ ጥያቄ አይቀርለትም። እስቲ ቃላቸውን እንስማ። ሌሎቻችሁም አብራችሁን ሁኑ፤ ነገሩ የፍቅር ታሪክ ነውና አይሰለቻችሁም። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ብቻ ያዙልኝ።

ጎቲክ ማለት ጥቁር ልብስ ብቻ ነው?

ጎቲክ ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ጥቁር ልብስ፣ ጥቁር የከንፈር ቀለምና ፊልም ላይ የምናያቸው ደም መጣጮች ናቸው። ሥነ ጽሑፉ ግን ዕድሜ ጠገብ ነው። እንግሊዛዊው ሆራስ ዋልፖል በ1764 «የኦትራንቶ ግንብ» የተባለ ልብ ወለድ አሳተመ። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛው እትም ሲወጣ ከርዕሱ ሥር «ጎቲክ ታሪክ» የሚል ጨመረበት። ስሙ ከዚያ ወዲህ ለብዙ መጽሐፍ መጠሪያ ሆነ።

አሮጌ ግንብ፣ እኩለ ሌሊት፣ ሲጢጥ የሚል በር፣ ሻማ፣ መቃብር፣ የሙት መንፈስ... የቤቱ ዕቃዎች እነዚህ ናቸው። ወደ ግጥሙ ስትመጡ ግን ከዕቃዎቹ መሀል ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ተቀምጦ ታገኛላችሁ። የሚወደው የሞተበት ሰው ነው። «ሄዳለች» ሲሉት «አልሄደችም» ይላል። መንፈሱን ከመቃብር ቀስቅሶ ደጃፍ ድረስ የሚጠራው ይኸው እምቢታው ነው።

ሌሊት የመጣው ሙሽራ

የመጀመሪያው ምስክራችን ጀርመናዊ ነው። ጎትፍሪድ ኦገስት ቡርገር ይባላል። በ1774 የታተመው ግጥሙ «ሌኖሬ» በአንዲት ልጃገረድ ስም የተሰየመ ነው። ታሪኩን ልንገራችሁ።

የሌኖሬ እጮኛ ከንጉሡ ጦር ጋር ወደ ፕራግ ዘምቷል። ጦርነቱ አልቆ ሰላም ወረደ፤ ሠራዊቱ በከበሮና በዘፈን ተመለሰ። እናት ልጇን፣ ሙሽራ ባሏን እያቀፈች ትስማለች። ሌኖሬ ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር እየሮጠች ትጠይቃለች። ስለ እሱ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም! ሞቷል የሚላት የለ፣ አለ የሚላት የለ። ፀጉሯን ነጨች፣ መሬት ላይ ተንከባለለች። እናቷ «ጸልዪ ልጄ» ይሏታል። ምናልባት እዚያው ሩቅ አገር ሌላ ሴት ወዶ ይሆናልም ይሏታል። (ይቺን ዓይነት ማጽናኛ እኛም ሰፈር አታጡም!) እሷ ግን ፈጣሪን ማማረር ጀመረች። ጸሎትም ምንም እንደማይሠራላት ተናገረች። ሞትን ለመነች።

በዚያው ሌሊት ከደጅ የፈረስ ኮቴ ተሰማ። እጮኛዋ ነው! ተነሺ፣ ወደ ሠርጋችን አልጋ ዛሬውኑ ልወስድሽ ነው አላት። ከኋላው ተፈናጠጠች። ፈረሱ በጨረቃ ብርሃን ተራራና ሜዳውን ጥሶ ሸመጠጠ። በመንገድ ላይ የቀብር ሰልፍ አገኙ፤ ሙሽራው ወደ ሠርጌ ኑልኝ ብሎ ጠራቸው። ሲነጋጋ ፈረሱ የመቃብር ቦታ በር ላይ ደረሰ። ያኔ የሰውየው ልብስ ቁርጥራጭ እየሆነ ረገፈ፣ ሥጋውም አብሮ ረገፈ፣ አጽም ብቻ ቀረ። የሠርጉ አልጋ ለካ የሬሳ ሣጥን ኖሯል።

ይህ ግጥም አውሮፓን አናወጠ። በ1796 ብቻ ከአንድ በላይ የእንግሊዝኛ ትርጉም ወጣለት። አንዱን የተረጎመው በኋላ በታሪካዊ ልብ ወለዶቹ ዓለም ያወቀው ስኮትላንዳዊው ዋልተር ስኮት ነበር፤ ያኔ ገና ወጣት ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ከፈረሱ በፊት ያለው ነው። ሌኖሬ የቀበረችው ሰው የለም። መርዶ የነገራት የለም። ያ ሁሉ ሰው አደባባይ ላይ ሲሳሳም የእሷ ሐዘን ቦታ አልነበረውም። ቀን ቦታ ያጣ ሐዘን ሌሊት በፈረስ መጣ። እህቴ፣ ከድንኳኑ ጥግ ተነሥተሽ ስትወጪ የሆንሽው ይኼንኑ አይመስልሽም?

ቁራው ምን ያውቃል?

አሁን ወደ አንቺ ሰውዬ እንሂድ። «ቁራው» በኒውዮርክ ጋዜጣ ላይ የወጣው ጥር 29 ቀን 1845 ነው። ያላነበባችሁ ካላችሁ ታሪኩ እነሆ። የታኅሣሥ ወር ነው፤ እኩለ ሌሊት። አንድ ሰው ሌኖር የምትባል ፍቅረኛው ሞታበት፣ ሐዘኑን ልርሳ ብሎ አሮጌ መጻሕፍት ያገላብጣል። በር ተንኳኳ። ከፈተ። ማንም የለም፤ ጨለማ ብቻ። ቀስ ብሎ ስሟን ጠራ። የመለሰለት የገዛ ድምፁ ነው። ቀጥሎ መስኮቱ ተንኳኳ፤ ሲከፍተው አንድ ቁራ ጎምለል እያለ ገባና ከበሩ በላይ ካለው ሐውልት ላይ ሰፈረ።

ይህ ቁራ የሚያውቀው አንዲት ቃል ብቻ ነው። ትርጉሟ ከእንግዲህ የለም፣ ዳግም አይሆንም እንደማለት ነው። ሰውየው በመጀመሪያ እየቀለደ ስሙን ጠየቀው። ቁራው ያቺኑ ቃል መለሰ። ሰውየው ወዲያው ነገሩ ገባው። ወፉ ከቀድሞ ጌታው የለመዳትን ቃል ነው የሚደግመው። በቃ፣ አለቀ! እዚህ ላይ መስኮቱን ከፍቶ ቁራውን ማባረር ይችል ነበር። አላደረገውም። ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠና መጠየቁን ቀጠለ። ለዚህ ሐዘን መድኃኒት አለው ወይ? መልሱ ያው። በሰማይ ቤትስ አገኛት ይሆን? መልሱ ያው! ከዚያ ጮኸ፣ ተራገመ። ቁራው ግን እንደተቀመጠ ነው፤ ግጥሙም በዚሁ ያልቃል።

ሰውየው መልሱን እያወቀ ለምን ጠየቀ? ይህን የሚነግረን ራሱ ፖ ነው። በ1846 ባሳተመው ጽሑፍ ግጥሙን እንዴት እንደሠራው ደረጃ በደረጃ ያብራራል። ቃሉን እንዴት እንደመረጠ፣ ከቁራው በፊት በቀቀን ሊያደርገው አስቦ እንደነበር ሳይቀር ይናገራል። ከግጥም ጉዳዮች ሁሉ ይበልጥ ለግጥም የሚስማማው የቆንጆ ሴት ሞት ነው፤ ሊናገረው የሚገባውም የሞተችበት አፍቃሪ ነው ይላል። ስለ ጥያቄዎቹ ሲናገር ደግሞ ሰውየው የወፉን መልስ አስቀድሞ እያወቀ የሚጠይቀው፣ ራሱን ማሠቃየት አንድ ዓይነት ጣዕም ስለሚሰጠው እንደሆነ ያስረዳል። በጣም የሚያመውን መልስ እንዲያገኝ አድርጎ ነው ጥያቄውን የሚያቀናብረው።

እህቴ፣ ተቆጪኝ እንጂ እናገረዋለሁ። ያንቺ ቁራ ስልክሽ ነው። አሥራ አንድ ሰከንድ ያውቃል። ከዚያ ሌላ የሚያውቀው የለም።

የፖ ቤት

«ሰውዬው ሒሳብ እንደሚሠራ ሰው ግጥም ሠርቶ፣ ሐዘኑ የውሸት ነው ማለት ነው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ኧረ በጭራሽ! የሕይወቱን ታሪክ ስሙ።

ፖ እናቱ ስትሞት ሦስት ዓመት አልሞላውም ነበር። ተዋናይ ነበረች፤ በ1811 በ24 ዓመቷ ሞተች። ያሳደገችው ሴት በ1829 ስትሞት እሱ በውትድርና ላይ ነበርና የደረሰው ከተቀበረች በኋላ ነው። በ1836 የአክስቱን ልጅ ቨርጂኒያን አገባ። እሱ 27፣ እሷ ገና 13 ዓመቷ ነበር። በዛሬ ዓይን ስናየው ልጅን ማግባት ነው፤ ይኼን ሸፍኖ ማለፍ አይገባም። ከእናቷ ጋር ሦስት ሆነው ከከተማ ከተማ እየተንከራተቱ በድህነት ኖሩ።

ጥር 1842 ቨርጂኒያ ቤት ውስጥ እየዘፈነች ሳለ ከአፏ ደም ወጣ። ሳንባ ነቀርሳ ነው። ያኔ መድኃኒት የለውም። አምስት ዓመት ታመመች። ልብ በሉ፤ «ቁራው» ሲታተም ሚስትየው በሕይወት አለች! ሰውዬው ሳትሞት ነው ያለቀሰላት።

በመጨረሻው ክረምት ፎርድሃም በምትባል ያኔ ገጠር በነበረች የኒውዮርክ ዳርቻ ትንሽ የእንጨት ቤት ተከራይተው ነበር። ሊጠይቃቸው የመጣ ሰው ያየውን ጽፎታል። የሳር ፍራሽ ላይ ተኝታለች፤ የምትለብሰው የባሏን የድሮ ካፖርት ነው። ደረቷ ላይ አንዲት ትልቅ ድመት ተኝታ ታሞቃታለች። ባሏ እጆቿን፣ እናቷ እግሮቿን ይዘው ያሞቋታል። ጥር 30 ቀን 1847 ሞተች። እሷም እንደ እናቱ 24 ዓመቷ ነበር። ቤቱ ዛሬም አለ፤ ብሮንክስ በሚባለው የከተማው ክፍል በእሱ ስም በተሰየመ መናፈሻ ውስጥ ቆሟል።

በዓመቱ ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ፖ ከባድ ነገር ተናገረ። ሚስቱ ደም በተፋች ቁጥር ተሰናብቷት ነበር። ትንሽ ሲሻላት ደግሞ ተስፋ ያደርጋል። ከዚያ እንደገና ይነሣባታል፤ እንደገና ይሰናበታል። እንዲህ ሲመላለስ ነው ያበድኩትና የጠጣሁት ይላል። የሞተች ጊዜ ሐዘኑ እንደማንኛውም ሰው ሐዘን ሊቻል የሚችል ሆነ። ሊቋቋመው ያልቻለው በተስፋና በተስፋ መቁረጥ መካከል መወዛወዙን እንጂ ሞቱን አልነበረም።

እህቴ፣ ይህችን ቦታ ደግመሽ አንብቢያት። ሁለተኛዋ ምልክት ትመጣ እንደሆነ ብለሽ የምታድሪው ሌሊት ይኼው መወዛወዝ ነው። ሞት ያሰናብታል፤ ስልኩ ግን አላሰናበተሽም።

«እስከ መጨረሻው ታምነው...»

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ፖ ታምኖ ኖረ ወይ? ቨርጂኒያ በሞተች በዓመቱ በ1848 ሣራ ሄለን ዊትማን የምትባል ባለቅኔ እንድታገባው ለመናት። መጠጥ እንዲተው ጠየቀችው፤ ታጭተው ተለያዩ። በ1849 የበጋ ወራት ደግሞ የልጅነት ፍቅሩን ኤልሚራን ለማግኘት ወደ ሪችመንድ ሄደ። በወጣትነታቸው በድብቅ ተጫጭተው ነበር። አባቷ ደብዳቤዎቹን እየያዘ አስቀረባትና ሌላ አገባች። አሁን ባሏ ሞቶባታል። እንደገና ለጋብቻ ተነጋገሩ። ሳይሆን ቀረ። ፖ በዚያው ዓመት መስከረም ማብቂያ ላይ ከሪችመንድ ወጣ፤ በጥቅምት መጀመሪያ ባልቲሞር ውስጥ ራሱን ስቶ ተገኘ፤ ጥቅምት 7 ቀን ሞተ። በምን እንደሞተ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ነገር ግን በዚያው በ1849፣ ኤልሚራን አግቢኝ ባለበት ዓመት ነው «አናቤል ሊ»ን የጻፈው። ለሞተች ፍቅረኛ ከተጻፉት ሁሉ በዓለም እጅግ ከታወቁት አንዱ ነው። የታተመው እሱ በሞተ በሁለተኛው ቀን ነው። ለማን ነው የጻፈው በሚለው ክርክር አለ፤ ብዙዎች ለቨርጂኒያ ነው ይላሉ። እንግዲህ ያው ሰው፣ በዚያው ዓመት፣ በአንዲት ልብ የሞተችውን አልቅሶ ያለችውን ለመነ። ክህደት ነው? እኔ አይመስለኝም። ልብ ሁለት ክፍል ያለው ቤት ሊሆን ይችላል። የአንዱ በር ሲከፈት የሌላው የግድ አይዘጋም።

ሦስተኛውን ምስክር ባጭሩ ላቅርብ። ዳንቴ ገብርኤል ሮሴቲ የሎንዶን ሠዓሊና ገጣሚ ነው። በወጣትነቱ «ቁራው»ን አንብቦ፣ ፖ በምድር የቀረውን አፍቃሪ ሐዘን እስከ ጥግ ስለተናገረው እኔ ደግሞ በሰማይ ሆና የምትናፍቀውን ልጻፍ ብሎ የጻፈው ግጥም አለው። የሕይወቱ ነገር ከግጥሙ ባሰ። ሚስቱ ኤልዛቤት ሲዳል ልጃቸው ሞታ ከተወለደች በኋላ አልጠና አለች። በየካቲት 1862 ኦፒየም ያለበት የእንቅልፍ መድኃኒት አብዝታ ወስዳ ሞተች። ሮሴቲ በጸጸት ተቃጠለ። ሌላ ቅጂ የሌለውን የግጥም ደብተሩን ሬሳ ሣጥኗ ውስጥ ከፀጉሯ አጠገብ አስቀምጦ ሃይጌት መቃብር አስቀበረው። ሁሉም ሰው እንዴት ያለ ፍቅር ነው አለ።

ከሰባት ዓመት በኋላ ግን ግጥሞቹን ፈለጋቸው። በጥቅምት 1869 በሌሊት እሳት ተቀጣጥሎ መቃብሩ ተከፈተና ደብተሩ ወጣ። እሱ እዚያ አልነበረም፤ ወዳጆቹ ናቸው ያስቆፈሩት። ደብተሩ ረጥቦ ነበር፣ ትልም በልቶታል። ግጥሞቹ በ1870 ታተሙ። ለወዳጁ ለገጣሚው ስዊንበርን ሲጽፍ፣ ብትችል ኖሮ ራሷ በተቀበረችበት ሌሊት ትመልስልኝ ነበር አለ። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ ሮሴቲን ይረግመዋል። እኔ የማነበው ሌላ ነገር ነው። በለቅሶ ሰሞን፣ ደም በፈላበት ሰዓት ለሟች የሚገባ ቃል ለመሸከም ይከብዳል። ካንቺ በኋላ ሰው አላይም፣ ዳግመኛ አልስቅም የሚባል ነገር ሁሉ ያቺ ደብተር ናት። አንድ ቀን መቃብር ያስቆፍራል። እና እህቴ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ለማንም ቃል አትግቢ!

ቁራና ድንኳን

«ሐዘን በኛም አገር አለ፤ ለምን ባሕር ተሻገርክ?» እንዳትሉኝ፣ ልጅቷ ናት ያሻገረችኝ። ግን ማነጻጸሩ ጥሩ ነው። በኛም ለቅሶ ሟች ይጠየቃል። አልቃሿ ለማን ትተኸን ሄድክ፣ ምነው ጨከንክ እያለች ትጠይቀዋለች። መልስ እንደሌለው ሁሉም ያውቃል። ፖ ከጻፈው ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ ከጥያቄው ዙሪያ ያለው ሰው ነው። አንዷ ክንድሽን ትይዛለች። አንዱ «በቃሽ፣ በቃ» ይላል። የእድር ሰው ሻይ ያፈላል፣ ጎረቤት ምግብ ይዞ ይመጣል። ሟች ያልመለሰውን ያሉት «እግዜር ያጥናሽ» ብለው ይመልሱታል። ከዚያም ቀኑ ሲደርስ ድንኳኑ ይፈርሳል። በፖ ክፍል ውስጥ ግን አንድ ሰው፣ አንድ መብራትና አንድ ቁራ ነው ያለው። ጎረቤት የለ፣ እድር የለ። እግዜር ያጥናህ የሚለው አላገኘም። ለዚህ ነው ሌሊቱ የማያልቀው።

ወዳጆችሽ ርሺው ሲሉሽ ደግሞ ተሳስተዋል። የአባቶቻችን ልማድ መቼ ርሱ አለ? አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። በየሃይማኖቱ የየራሱ ሥርዓት አለ። ልማዱ የሚለው በቀኑ አስቡት፣ ተሰብስባችሁ አስቡት ነው። አንቺ ይኼ ቀረብሽ። አሥራ አራት ወር ሙሉ ለአንድ ሰው የሚሆነውን ሁሉ ሥርዓት ብቻሽን በስልክ ስትፈጽሚ ኖርሽ። እንግዲህ ምክሬ ይኸውልሽ።

አንደኛ፣ ለቅሶ ተቀመጪ። ፍቅራችሁን ከሚያውቁት ከሁለቱ ጓደኞች ጋር አንድ ቀን ቁረጡ። ቡና ይፈላ። ስለ እሱ አውሩ፤ አልቅሺ። ዘግይቷል አትበይ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?

ሁለተኛ፣ እናትየው። ለእሳቸው መንገር አለመንገሩን አንቺ ነሽ የምትወስኚው። እህት ወይ ወንድም ካለው ጓደኛው ቀድሞ ያናግራቸውና ሁኔታውን እዪ። እኔን ግን አንድ ነገር ይታየኛል። ልጃቸውን ያጡ እናት ያላዩትን አራት ዓመት የያዘች ሰው ድንኳናቸው ጥግ ተቀምጣ ነበር። ምን በልቶ ይሥቅ እንደነበር፣ ስለ እሳቸው ምን ይል እንደነበር የምታውቂው አንቺ ነሽ። ይህ ለአንዲት እናት ትንሽ ስጦታ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ድምፁን አታጥፊው። ለጓደኛሽም ቅጂ ስጫትና እንዳይጠፋ ይሁን። የምትሰሚበትን ሰዓት ግን ከእኩለ ሌሊት አውጪው። ቀን ወስኚለት፤ ቢቻል ከሰው ጋር። ስልኩም ሌላ ክፍል ይደር።

አራተኛ፣ የምትጽፊለትን ቀይሪ። «የት ነህ?» መልስ የሌለው ጥያቄ ነው። በሱ ፈንታ የምታውቂውን ጻፊ፤ መጀመሪያ የተገናኛችሁበትን፣ የተጣላችሁበትን፣ ሽማግሌ ሊልክ ሲያስብ የመረጣቸውን ሰዎች። ፖም እኮ ቁራው ፊት ሲጮኽ የኖረ ሰው አልነበረም። ቁጭ ብሎ ሠራው፣ አረመው፣ ካሳተመው በኋላም አሻሻለው። ግጥሙ ውስጥ ያለው ሰው እዚያው ቀረ፤ የጻፈው ሰው ግን ብዕሩን አስቀምጦ ተነሣ። አንቺ ጻፊውን እንጂ ወንበሩ ላይ ያለውን ሰው አትምሰዪ።

አምስተኛ፣ ላግባሽ ያለሽ ሰው። ንገሪው። ሁሉንም። የሟቹ ስም ሲነሣ ፊቱ የሚጠቁር ከሆነ ዛሬ ማወቁ ይሻላል። ሰምቶ አብሮሽ የሚያዝን ከሆነም ለመልሱ አትቸኩዪ። ሌሊት ለማለፍ ብለሽ ግን አታግቢ፤ ባል የእንቅልፍ ኪኒን አይደለም። ወደሽ ካገባሽው ደግሞ አልከዳሽም።

የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። እንቅልፉ፣ ምግቡ፣ ሥራው እምቢ ካለሽ፣ ወይም አብሬው በሄድኩ የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ይህ ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ዛሬውኑ፣ ለሰው ነግረሽ፣ ብቻሽን ሳታድሪ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ከስድስት ወር በላይ የሚዘልቅና ኑሮን የሚያቃውስ ሐዘን የራሱ ስም ያለው፣ ሊታከም የሚችል ሕመም ሆኖ ተመዝግቧል። የአሜሪካ ሐኪሞች መዝገብም በዚያው ዓመት አስገብቶታል፤ እነሱ ለአዋቂ ሰው አንድ ዓመት ይላሉ። አንቺ ሁለቱንም አልፈሻል። አማኑኤል ሲባል ሰው ይደነግጣል፤ የአእምሮ ሐኪም ግን በሌሎች ሆስፒታሎችም ይገኛል። ማንም እብድ አላለሽም። አዝነሻል፤ ያዘነ ሰው ደግሞ ብቻውን አይተውም።

እኔም በዚች ገጽ ላይ፣ ይህን ከሚያነቡ ሁሉ ጋር ሆኜ፣ በሠልስቱ ልትሰሚው ሲገባ ያልሰማሽውን ቃል ልበልሽ። እግዚአብሔር ያጥናሽ፣ እህቴ።

እናንተስ ውድ አንባቢዎቼ? ሳይታወቅለት ያለቀሰ፣ ድንኳን ጥግ የተቀመጠ ሌላም ይኖራል ብዬ አስባለሁ። ጻፉልኝ፤ ስማችሁ በኔ ዘንድ ይቀራል። ቅናትን በሚቀጥለው ሳምንት። እስከዚያው ቸር ይግጠመን!